ከጀርባ የተነሱ ፎቶዎች

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ካለች አንዲት ካፌ የምንሰበሰብ ፎቶ ወዳዶች ነን። ያነሳነውን አሳጥበን ጠረጴዛው ላይ እንዘረጋለን፤ እየተራረምን እንማማራለን። ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ስማቸውን ነግረውን አያውቁም። ጥቁር ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ የእጅጌው ቁልፍ ግን በነጭ ክር ተሰፍቷል። የሰው ፎቶ ሲያዩ አይቸኩሉም። «ጥሩ ነው፤ ግን ልጅቷን ፈርተሃት ራቅ ብለሃል» ይላሉ፣ ማንንም ሳያስቀይሙ።

የራሳቸው ፎቶዎች ሁሉ የአንዲት አሮጊት ናቸው፤ ሁሉም የተነሱት ከጀርባ ነው። አንድ ቀን ጓደኛችን ማክዳ ደፈረች።

«አባባ፣ እርስዎም እኮ ፈርተዋል። ፊታቸውን ለምን አያነሱም?»

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ሰበሰቡ።

«ባለቤቴ ናት» አሉ በመጨረሻ። «ሕመሙ እኔን አስረስቷታል። ፊት ለፊት ስታየኝ እንግዳ እሆንባታለሁ። ከጀርባዋ ሳያት ግን ያችው ሚስቴ ናት።»

በሳምንቱ አንድ ፎቶ ብቻ ይዘው መጡ። ሴትዮዋ ወደ ካሜራው ያያሉ፤ ለማያውቁት ሰው እንደሚደረገው፣ በትሕትና ፈገግ ብለዋል። ሁላችንም አቀረቀርን።

«ዝም አትበሉኝ እንጂ» አሉ ሽማግሌው። «ምን ይጎድለዋል?»

ማክዳ ዓይኗን ጠረገችና ፎቶውን አነሳችው።

«ግራ ዓይናቸው ላይ ጥላ አርፏል፣ አባባ። መስኮት አጠገብ ቢሆኑ ፊታቸው ይፈካ ነበር።»

እሳቸውም ጎንበስ ብለው ደህና አድርገው አዩት።

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ» አሉ። «ነገ ጠዋት መስኮቱ ጋ አስቀምጣታለሁ።»