ሳተላይት ያላየው ለቅሶ

ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ በካርታዬ፣ መርከብ ከባሕር አንሥቼ አገሬ ስማዳ ላይ አወጣሁ። መካነ ኢየሱስ ከተማ የእርሻ መሬት ካርታ ስሠራ ኖሬ፣ የአገራችን ኬንትሮስ ሠላሳ ስምንት ስለሆነ እጄ ለምዶ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤን አርባ ስምንት "ሠላሳ ስምንት" ብዬ መታሁት።

አለቃዬ ኮምፒውተሩን አየና፣ "ጋሼ፣ ይህ መርከብ የጫነው ማዳበሪያ ነው። ገበሬው ደጅ ድረስ አደረሱለት?" አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ባሕር አይቼ የማላውቅ ባሕር ጠባቂ ነበርኩና።

ሥራችን አዲስ አበባ ተቀምጠን ጅቡቲ የሚመላለሱ መርከቦቻችንን ከባሕር ወንበዴ መጠበቅ ነበር። መርከቡ ያለበትን ቦታ በምልክት ይልካል። የሳተላይት ራዳርም ባሕሩን ያነሣል፤ ውኃው ጥቁር፣ ብረቱ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ነጥብ ኖሮ ምልክት ከሌለ እንደነግጣለን።

አንድ ቀን ከሰዓት የአንዱ መርከብ ምልክት ጠፋ። ቀጥሎ በመጣው ምስል ትልቁን ነጥብ አገኘሁት፤ ጎኑ ላይ ትንሽ ነጥብ ተለጥፋለች። ክው አልኩ። የመርከቡ መካኒክ ምስጋናው የአገሬ ልጅ ነው፤ ጋይንት ውስጥ የአርብ ገበያ ከተማው የመሪጌታ ይሁኔ ልጅ።

አለቃዬ "ከዚህ ክፍል ቃል እንዳይወጣ! ወሬው ወንበዴ ጆሮ ይደርሳል" አለ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። መሪጌታ ናቸው።

"የልጄ ስልክ እምቢ አለኝ። የት ነው?"

"ደኅና ነው፣ መሪጌታ።"

"አግኝተኸዋል?"

"እ... ትንሽ አመም አድርጎት ይሆናል። ለመሆኑ አጠገብዎ ሰው አለ?"

ስልኩ ተዘጋ። ዓይኔ ነጥቧ ላይ ተተክሎ፣ የተናገርኩትን እንኳ አልሰማሁትም።

ከሁለት ቀን በኋላ መርከቡ ጅቡቲ ሲገባ ነገሩ ተገለጠ። ትንሿ ነጥብ የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ነበረች፤ ምልክቱንም ያጠፋው ካፒቴኑ ራሱ ነው፣ ከወንበዴ ሊሰወር። እፎይ እንዳልኩ ምስጋናው ደወለ።

"ጋሼ፣ አባቴን ምን ብለዋቸው ነው? ቤት ብደውል አንዱ አንሥቶ 'ለቅሶ ላይ ነን፣ ነገ ደውል' አለኝ። 'የማን ለቅሶ?' ስለው፣ 'የምስጋናው' አለኝ!"

ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ አገር መርዶ የሚጀመረው "ትንሽ አሞታል" ተብሎ ነው። "አጠገብዎ ሰው አለ?" ከተባለማ አለቀ። የጋይንት ልጅ ሆኜ፣ የቆመ ሰው መርዶ በስልክ ነግሬ ኖሯል! መሪጌታ ፍትሐት አስፈትተዋል፤ እናቱ እትዬ ጠጄ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል።

ይቅርታ ልል አርብ ገበያ ሄድኩ። መሪጌታ "በቁሙ አስፈታኸኝ! ሲሞት ድጋሚ አላስፈታለትም" አሉ። እትዬ ጠጄ ግን ራሳቸውን እየዳበሱ፣ "ፀጉሬንስ ያ ሳተላይትህ ያበቅለዋል?" አሉኝ።

ለሙያው ልጆች የምለው ይህን ነው፦ መናገር ያልተፈቀደልህን "አልናገርም" በል። ሌላ ቃል አትጨምር።

ለእትዬ ጠጄ ፀጉራቸው እስኪያድግ የሚያስሩት ሻሽ ላመጣላቸው ቃል ገብቼ ነበር። ፀጉሩ አድጎ፣ ሸበተም። ሻሹን ገና አልወሰድኩላቸውም።