የቆለፍኩት የሱሉልታ ፍርድ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለአንተ ለማላውቅህ አንባቢ የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም። ማንም እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ተናድጃለሁ፤ የተናደድኩትም በራሴ ነው።

የሕግ መምህር ነኝ። በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ ፉሪ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። በአዲስ አበባ ዙሪያ መሬታቸው ለልማት የሚወሰድባቸው ገበሬዎች ፍርድ ቤት ሲቆሙ ምን እንደሚገጥማቸው አጠና ስለነበር ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ እየዞርኩ የፍርድ ግልባጭ እሰበስባለሁ። እንዲህ ያሉ ፍርዶች ታትመው አይወጡም። ያሉት ወይ ባለጉዳዩ እጅ ነው፣ ወይ መዝገብ ቤት አቧራ ውስጥ።

ሱሉልታ ላይ ኦቦ ቶላ የሚባሉ ገበሬ አገኘሁ። መሬታቸው ሊወሰድ ሲል፣ ማስታወቂያው በአግባቡ አልደረሰኝም፣ ካሳውንም የገመተው ሥልጣን የሌለው አካል ነው ብለው ተከራክረው የረቱ ሰው ናቸው። በዚያ ሁሉ ልፋቴ እንዲህ ያለ ፍርድ ሌላ አልገጠመኝም። ግልባጩን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"ውሰድ ልጄ። እንደኔ የተቸገረ ስታገኝ ስጠው። ስሜንም ጥራ፤ እኔ አልፈራም" አሉኝ።

"ገለቶማ" ብዬ አመስግኜ ተቀበልኩ። ተቀበልኩና ቆለፍኩበት።

ብዙም ሳይቆይ ጫልቱ መጣች። ተማሪዬ ነበረች፤ ተመርቃ ሰበታ ላይ ጥብቅና ጀምራለች። የያዘችው የገዛ አባቷን የኦቦ ገመቹን ጉዳይ ነበር። ዓለም ገና ከተማ አጠገብ ያለው መሬታቸው ከነቤታቸው ሊሄድ ነው፤ የቀራቸው ይግባኝ ብቻ ነው። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ታክሲ ስለጠፋ ፉሪ ድረስ የመጣችው በእግሯ ነው። ቁጭ በይ ስላት እንኳ አልተቀመጠችም።

"መምህር፣ ክፍል ውስጥ ስለ አንድ የሱሉልታ ፍርድ እንደተናገሩ ከተማሪዎችዎ ሰማሁ። የአባቴ ጉዳይ ቁርጥ እሱን ነው። ዳኞቹን ባያስገድድም ሊያሳምናቸው ይችላል። የመዝገብ ቁጥሩን እንኳ ቢሰጡኝ?"

ግልባጩ ስካን ተደርጎ ፊቴ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር።

"ሰው ሲያወራው ሰምቼ ነው እንጂ ግልባጩ የለኝም" አልኳት።

ዋሸኋት። ለምን? ጽሑፌን ለአንድ የውጭ መጽሔት ልኬ ነበር። ፍርዱ ቀድሞ ከወጣ አዲስነቱ ይጠፋል፣ ሌላ ሰው ይቀድመኛል ብዬ ፈራሁ። ማዕረግ ፈለግኩ። በቃ፣ ይኸው ነው! በኋላማ የጥናት ጥንቃቄ ነው፣ የባለጉዳይ ምስጢር ነው እያልኩ አሳመርኩት። የምን ምስጢር? ኦቦ ቶላ ስሜን ጥራ ብለውኝ የለ? ዳኛ በአደባባይ የፈረደውን እኔ ማን ሆኜ ነው የምደብቀው?

ጫልቱ ሱሉልታ ሄዳ እንዳትፈልገው መንገዱ ዝግ ነው፤ ያለ ቁጥር ደግሞ የትኛውን መዝገብ ትጠይቃለች? ባዶ እጇን ቆማ ተከራከረች፤ ተረታች። ቤቱ በክረምት ፈረሰ። ኦቦ ገመቹ በሬዎቻቸውን ሸጠው ሰበታ ልጃቸው ጋ ገቡ፤ ሁለቱም በአንዲት ኪራይ ክፍል።

እኔስ? ላጽናናቸው ሄድኩ። አዎ፣ ሄጃለሁ! ከወንበራቸው ሊነሱልኝ ሲሉ "ኧረ በእግዜር፣ ይቀመጡ" አልኳቸው። ሻይ ቀረበልኝ፤ ጠጣሁ፤ ወጣሁ።

ጽሑፌ ታተመ፤ ማዕረጉም መጣ። መጽሔቱ ግን ላልከፈለ አይከፈትም። የገዛ ተማሪዎቼ እንኳ ሊያነቡት አልቻሉም። ኦቦ ቶላ ለተቸገረ ስጠው ያሉኝን ፍርድ፣ የተቸገረ ሰው ሊደርስበት የማይችልበት ቦታ አስቀመጥኩት። ለዚህ ነው የተሾምኩት።

ከዓመታት በኋላ ስለ ክፍት ሳይንስ እንድናገር ተጋበዝኩ። የሕግ ምሁር የሰበሰበውን ማስረጃ ለዳኛውም፣ ለጠበቃውም፣ ለባለጉዳዩም ክፍት ማድረግ አለበት አልኩ። እንደ ፍርዱ ለሁሉም ክፍት ያልሆነ ጥናት ፍትሕን ያጓድላል አልኩ። ተጨበጨበልኝ። አንዱም ቃል ሐሰት አልነበረም፤ የቆሸሸው አፌ ነው።

በዕረፍቱ ሰዓት ጫልቱ ወደ እኔ መጣች። አዳራሹ ውስጥ መኖሯን አላየሁም ነበር።

"መምህር፣ አባቴ አረፈ።"

"እግዚአብሔር ያጽናሽ" አልኳት።

"እስከ መጨረሻው ያነሳዎት ነበር። 'ያ መምህር ቢኖረው ኖሮ ይሰጠን ነበር' ይል ነበር።"

ያኔ መናገር አልነበረብኝም? ከዚያ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? እኔ ግን ስልክ የተደወለልኝ አስመስዬ ጥያት ሄድኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ካድኳት።

አሁን የሰበሰብኩትን ሁሉ ማንም በነፃ እንዲያየው አውጥቼዋለሁ። ካሳ ነው አልልም። ለፈረሰ ቤት ምን ያደርግለታል?

ጫልቱ፣ ይህን ታነቢው ይሆናል። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ጊዜው ክፉ ነበርም አልልሽም። በዚያው ክፉ ጊዜ ሌላው ሰው ያለውን ሲካፈል አይቻለሁ። ይህን የምጽፍልሽ አባትሽ ስለ እኔ ያመኑት እውነት እንዳይመስልሽ ብቻ ነው።

ነበረኝ። አልሰጠኋችሁም።