ለእማዬ ያልተረጎምኩት

ቤታችን ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሦስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ የሚኖርበት የቀበሌ ቤት ነበር። ቴሌቪዥንና ዲቪዲ ማጫወቻ ያለን እኛ ብቻ ስለነበርን እሁድ ከሰዓት ሳሎናችን ሲኒማ ቤት ይሆናል። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ በርጩማዬን ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀምጬ፣ ግማሽ ፊቴን ወደ ፊልሙ፣ ግማሹን ወደ ተመልካቹ አድርጌ ፈረንጆቹ ያሉትን በአማርኛ እናገር ነበር።

ሥራው የራሱ ሕግ ነበረው። ሲሳሳሙ «ተነፋፍቀው ነው» እላለሁ፤ አባዬ ያስላል፣ ወይም የግቢው በር መዘጋቱን ለማየት ይወጣል። ሲሰዳደቡ «ተቆጣ» ብዬ አልፋለሁ። አንድ ክፍል ገብተው በሩን ከዘጉ «ተጋቡ» እላለሁ፤ በእኔ ትርጉም ሳይጋባ የቀረ ፈረንጅ የለም። ጎረቤቶቻችን ይመርቁኛል፤ እማዬ ደግሞ ትምህርቷ አልባከነም እያለች ትኮራብኛለች። ስለዚህ መቁረጥና መቀጠሉ ውሸት መስሎኝ አያውቅም፤ ጨዋነት ነበር የሚመስለኝ።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። አካሄዱ፣ እጁን እያወዛወዘ ማውራቱ፣ ሳቁ፣ ሁሉም ለሰፈሩ ሰው ጉዳይ ነበር። ከኋላው «ሴታሴት» ይሉታል፤ ደፋር የሆነው ከፊቱም ይለዋል። እማዬ ቤት በማትኖርበት ጊዜ ሻርፗን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የጆሮ ጌጧን አድርጎ መስታወት ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። እዚያ ሲቆም ቀጥ ይላል፤ መንገድ ላይ ግን ይጎብጣል። አሥራ አምስት ዓመቱ ላይ ጥፍሩን ተቀብቶ አባዬ አየውና በጥፊ መታው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ቤታችን ውስጥ አንድም ቃል ተነስቶ አያውቅም። ድምፁን እያስመሰሉ የሚስቁበት ሲበዙ እሱም ሰው ፊት ማውራት ተወ።

የሚሊኒየሙ ሰሞን፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ወንድሜ ከፊልም አከራዩ ሱቅ መታወቂያውን አስይዞ ያመጣውን ዲቪዲ ይዞ ወጥ ቤት ድረስ ተከተለኝ። በሩን ገርበብ አደረገው።

«ዛሬ ይሄንን ነው የምናየው» አለኝ። «እኔ አይቼዋለሁ። አየርላንድ ውስጥ ያለ ልጅ ነው። ወልዳ የጣለችውን እናቱን ይፈልጋል። ማለቴ... ልጁ ቀሚስ ይለብሳል፣ ይኳኳላል። መሃል ላይ ካሳደገችው ሴትዮ ጋር ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ቦታ አለ። እሱን ሳትቆርጪ ተርጉሚልኝ። ለእማዬ።»

«አባዬስ?»

«እሱም ይስማ። በቃ፣ እኔ ማለት አልቻልኩም። አንቺ በይልኝ።»

እሺ አልኩት። ያታለልኩት እንዳይመስላችሁ፤ እሺ ስለው ከልቤ ነበር።

እማዬና አባዬ ሶፋው ላይ፣ የግቢያችን ትልቅ ሴትዮ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንድሜ ከእማዬ እግር አጠገብ ምንጣፉ ላይ ሆነ። የአየርላንዶቹ እንግሊዝኛ ለእኔም ከብዶኝ ነበር፤ በመሥሪያ ቤት እንግሊዝኛው የሚተማመነው አባዬ ገና ከመጀመሪያው ጠፍቶበታል። ልጁ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሶ፣ ከንፈሩን ቀብቶ በዝናብ ውስጥ ብቅ ሲል አባዬ ከሶፋው ወደ ፊት ጠጋ አለ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አለ አባዬ። «ወንድ አይደል እንዴ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ወንድሜ ብቻ አልዞረም።

«ተዋናይ ነው» አልኩ። «ለቲያትር ነው የለበሰው።»

ሳሎኑ ተነፈሰ። ሴትዮዋ «ወይ ፈረንጅ! ለእንጀራ ብለው የማይሆኑት የለም» ብለው ሳቁ፤ አባዬም ሳቀ። ካሳቅኳቸው በኋላ መመለሻ አጣሁ። ልጁን ትምህርት ቤት ውስጥ ሲደበድቡት «ልምምድ ላይ ናቸው» አልኩ። ማደሪያ አጥቶ ባቡር ጣቢያ ሽንት ቤት ውስጥ ኩሉን በውሃ ሲያጥብ «ትርኢቱ አለቀ» አልኩ። አንዱን ውሸት በሌላ ውሸት እየደገፍኩ፣ የአንድን ሰው መከራ ቀልድ አድርጌ ሸጥኩላቸው።

ከዚያ ወንድሜ ያለኝ ቦታ ደረሰ። ልጁ ካሳደገችው ሴትዮ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀስ ብሎ ተናገረ። እንደ ሌላው ቦታ አልተጣደፈም፤ አንዱም ቃል አላመለጠኝም። አልታመምኩም አላት። ላሳፍርሽም ብዬ አይደለም። ሌላ ሰው ለመሆን ሞክሬ አቅቶኛል። እንደዚህ ሆኜ ልጅሽ መሆን እችላለሁ?

አፌን ከፈትኩ። አባዬ እየጠበቀ ነበር፤ የግቢያችን ሴትዮ ገና ፈገግታቸው ከፊታቸው አልጠፋም። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ያንን ብናገር አባዬ ቀጥሎ የሚያየው እሱን እንደሚሆን አወቅኩ። እሱን ለማዳን ነው ብዬ ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈራሁ። ያ ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ ሳሎናችን ውስጥ እንዲሰማ አልፈለግኩም።

«ከተማ ሄጄ ሥራ ልፈልግ ነው፣ አትጨነቂ እያላት ነው» አልኩ።

«ጎበዝ» አሉ ሴትዮዋ። «ለእናቱ ያስባል።»

እማዬ ምንም አላለችም። ወንድሜ ፊልሙ እስኪያልቅ ተቀመጠ። ሲያልቅ ዲቪዲውን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ሽፋኑ ውስጥ ከተተው። «ልመልሰው» ብሎ ወጣ። አልተቆጣኝም፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳብኝም። ወሩ ሳያልቅ እዚያው አዲስ አበባ፣ ቡልጋሪያ የሚባለው ሰፈር ክፍል ተከራይቶ ከቤት ወጣ። እዚያው አቅራቢያ መስቀል ፍላወር ባለ አንድ ሆቴል የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎችን የማዘጋጀት ሥራ አግኝቶ ነበርና፣ ለሥራው ስለሚቀርበው ነው ተባለ። ለበዓል ይመጣል፣ ጉልበት ይስማል፣ በልቶ ይሄዳል። ስለ ራሱ አያወራም።

አባዬ ካረፈ በኋላ እማዬና እኔ ብቻችንን ቀረን። ቴሌቪዥኑም በአማርኛ መናገር ጀመረ፤ የቱርክ ድራማ ተዋናዮች እንደ እኛ አፋቸውን ፈትተው ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አንድ ከሰዓት እንዲህ ያለ ድራማ እያየን እማዬ «እንደ አንቺ የሚተረጉም ግን የለም» አለችኝ። እንደ ምርቃት ነው ያለችው። እኔ ግን አልቻልኩም፤ እንባዬ መጣ። ያን እሁድ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት። የፊልሙ ልጅ ላሳደገችው ሴትዮ ያላትን፣ አንድም ቃል ሳልቆርጥ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ተረጎምኩላት። ፊልሙን ያመጣው ለማን እንደነበርም ነገርኳት።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋችው።

«ሥራ ፍለጋ የሚሄድ ልጅ እንደዚያ አይለምንም» አለች። «ፊቱን ያን ቀንም አይቼዋለሁ። ወንድምሽ እግሬ ሥር ተቀምጦ ጉልበቴን ተደግፎ ነበር፤ ትንፋሹን ሲይዝ ተሰምቶኛል። ያንቺን ቃል የያዝኩት ስለቀለለኝ ነው።»

«እማዬ፣ ልደውልለት? አሁን ንገሪው።»

ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ሳትከፍተው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ምን ብዬ? በየሳምንቱ ይደውልልኛል እኮ። መድኃኒትሽን ወሰድሽ ወይ ይለኛል። ብርዱ እንዴት ነው ይለኛል» አለች። «ያንን ጥያቄ ግን ያን እሁድ በፊልሙ አንዴ ጠየቀኝ፤ እኔም ገብቶኝ ዝም አልኩት። ሁለተኛ አይጠይቀኝም።»