የማሪሶል አውራ ዶሮ

ወሰንየለሽ ቦንጋ ውስጥ በሁለት ነገር ትታወቃለች፤ በእርሻ ባለሙያነቷና ብቻዋን በማውራቷ። ስለ ሙያዋ ትዝ የሚለው የለም፤ ብቻዋን ስለማውራቷ ግን የማያወራ የለም። "ሴትዮዋን ነክቷታል" ይላሉ ጎረቤቶቿ። ምንም አልነካት! አባቷ በሶማሊያው ጦርነት ሲሞት፣ በአሥራ አንድ ዓመቷ ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር በመርከብ ተጭና ኩባ ሄደች። እዚያው አደገች፣ እዚያው ተማረች፤ በስፓኒሽ ተጣላች፣ በስፓኒሽ ታረቀች። በሰማንያ አምስት ዓ.ም. ስትመለስ ምድቧ ቦንጋ ሆነ።

እንግዲህ ቦንጋ ላይ ስፓኒሽ ከማን ጋር ይወራል? ከድስቱ ጋር፣ ከመጥረጊያው ጋር ነዋ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖረች። አንድ ቀን ማንኪያ በስፓኒሽ ምን እንደሚባል ጠፋባት። ብታስብ፣ ብታስብ፣ የለም። ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች። "ልጅነቴ ያለው እዚህ ቋንቋ ውስጥ ነው። እሱ ከጠፋ እኔ ልጅም ሆኜ አላውቅም ማለት ነው" አለች፣ ለመጥረጊያው።

በማግስቱ አንድ ክፍል ተከራይታ "ስፓኒሽ አስተምራለሁ" የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች። አምስት ሰው መጣ። አንዱ ጫካና ወፍ ለማየት የሚመጡ ቱሪስቶችን የሚመራው አብዮት ነው፤ ሌላዋ ማር ነጋዴዋ እትዬ አፀደ ናቸው። "ካፊኖኖ ለቤቴ፣ አማርኛ ለገበያዬ፤ ይኼኛው ደግሞ ካሜራ ላንጠለጠሉት ይሁነኝ" ብለው ገቡ።

ወሰንየለሽ ደብተር አታስይዝም፤ ግሥ አታስረባም። ያላት ሀብት ጓደኛዋ ማሪሶል ከኩባ የላከችላት የደብዳቤ እሽግ ነው፤ ለትምህርት ቤት ተብሎ የተጻፈ ሳይሆን፣ ሰው ለሰው የጻፈው። ማሪሶል ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ የጎረቤቷ አውራ ዶሮ የጠፋበትን ታሪክ ቆርጣ ቆርጣ በየደብዳቤው ልካዋለች። ወሰንየለሽ አንድ መስመር ታነባለች፣ ሰሌዳው ላይ ትስላለች፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ ትጮኻለች። ያልገባው ሰው ካለ ሌላ ዘዴ ታመጣለች እንጂ አማርኛ አትተነፍስም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ነው ነገሩ።

ታዲያ ሥራ ሲሞቅ ተቆጣጣሪ አይታጣም። ፈቃድ ከሚሰጠው ቢሮ አቶ ጥሩሰው ቅጽ ይዘው መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቅጽ ይወዳሉ፣ ይኸው ነው።

"ዕለታዊ ዕቅድ?"

"የለም።"

"አንድ ለአምስት አደራጅተዋል?"

ወሰንየለሽ ጣቷን ወደ ራሷ ቀስራ "አንድ"፣ ወደ ተማሪዎቹ ዞራ "አምስት" አለች። እሳቸው አልሳቁም።

"ስምንት ክፍለ ጊዜ ተቀምጬ እታዘባለሁ። መማር ማስተማር ካላየሁ ይታሸጋል።"

መታሸግ ማለት ለእሷ ወደ መጥረጊያው መመለስ ነው። ወዲያው ግን ተንኮል ሽው አለባት። "ስምንት? ኧረ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ!" ብላ ወንበሩን በቀሚሷ ጠረገችላቸው።

በመጀመሪያው ቀን ቅጹ ላይ "መምህሯ እንደ ዶሮ ጮኸች፤ ምክንያቱ አልተገለጸም" ብለው ጻፉ። በሁለተኛው ቀን እትዬ አፀደ ከገበያ እውነተኛ አውራ ዶሮ ይዘው መጡ። ወሰንየለሽ ተቀብላ በቀጥታ አቶ ጥሩሰው ጭን ላይ፣ ከነቅጹ፣ አስቀመጠችው።

"ጋዮ!" አለቻቸው።

"ምን ማለት ነው ይኼ? አንሱልኝ!"

"ጋዮ?"

"እሺ ጋዮ! ጋዮ ነው! አንሱልኝ ብያለሁ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በአራተኛው ቀን፣ በደብዳቤው የዶሮው ባለቤት ጎረቤቶቹን ሲፈትሽ፣ ክፍሉ ውስጥ የእሳቸውም ቦርሳ ተፈተሸ። በሰባተኛው ቀን ደብዳቤው የሰፈሩ ሰው ለስብሰባ ሲጠራ አለቀ። አቶ ጥሩሰው በር ላይ ዘገዩ።

"ለቅጹ ሙሉነት ያህል ነው... ዶሮው ተገኘ?"

ወሰንየለሽ በስፓኒሽ መለሰችላቸው። "እስከ ሳምንት ድረስ?" ብለው እያጉረመረሙ ሄዱ።

በስምንተኛው ቀን ቅጹን ሞልተው መጡ። ድምፃቸውን ጠርገው አነበቡት። "ደብተር የለም፣ ዕቅድ የለም። የመማር ማስተማር ሂደት አልታየም። ይታሸግ።" ማኅተሙንም ከቦርሳቸው አወጡ። ወሰንየለሽ የመጨረሻውን ደብዳቤ ከእሽጉ መዘዘች።

"አንድ ደብዳቤ ቀርቶኛል። እሱን ላንብብና ይምቱት" አለች።

ተቀምጣ አነበበች። አልሳለችም፣ አልጮኸችም፣ እጇን እንኳ አላነሳችም። በስፓኒሽ፣ ማሪሶል እንደጻፈችው። ስብሰባው እኛ ግምገማ የምንለው ዓይነት ነው። ሰብሳቢው ጠረጴዛ እየደበደበ "ሌባው ራሱን ያጋልጥ!" ይላል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ሰዎች ዶሮውን መስረቃቸውን አመኑ። ሦስተኛው ተነሣ። እያለቀሰ፣ እንዴት እንዳረደው፣ እንዴት እንደበለተው፣ ሾርባው ጨው አንሶት እንደነበር ሲናዘዝ፣ አውራ ዶሮው ጣሪያው ላይ ቆሞ ጮኸ።

ሳቁ የፈነዳው ከኋላ ነው። አቶ ጥሩሰው! ዕድሜ ልካቸውን ግምገማ ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ሆዳቸውን ይዘው፣ መነጽራቸው ወድቆ፣ "ጨው አነሰው አለ እኮ! ዶሮው ሳይታረድ!" እያሉ ይንፈራፈራሉ። ሁሉም ዞሮ አያቸው።

"እኔ ጨዉ አምልጦኛል። ማን ነገረዎት?" አሉ እትዬ አፀደ።

አቶ ጥሩሰው ሳቃቸው ቀጥ አለ። ወሰንየለሽን አዩ፤ ስታነብ አንድም አማርኛ አልወጣትም። ሰሌዳውን አዩ፤ ባዶ ነው። መነጽራቸውን አንሥተው ቅጹን ለረጅም ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ወሰንየለሽ ግን ታለቅስ ነበር።

"ምነው? አልታሸገም እኮ!" አሉ አቶ ጥሩሰው።

"ለእሱ አይደለም። ቦንጋ ከመጣሁ ጀምሮ ከራሴ በቀር በዚህ ቋንቋ የሳቀ ሰው ሰምቼ አላውቅም።"

አቶ ጥሩሰው ማኅተሙን በእጃቸው አገላበጡት።

"ማሪሶል ሌላ አልጻፈችም?"

"እኔ መልስ መጻፍ አቆምኩ። ቃል እየጠፋብኝ አፍሬ።"

"በሉ ወረቀት አምጡ" አሉ አቶ ጥሩሰው፣ ወንበራቸውን ከኋላ ወደ ፊት እየጎተቱ። "እኔ ጭን ላይ ስለተቀመጠው ጋዮ እንጽፍላታለን።"