ያልተመረቀው ቀሚስ

ልብስ ሰፊው ሲሠራ ስፒሎቹን የሚይዘው በከንፈሩ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ እንዲሁ ስለሆነ ሰፈሩ «አፈ ስፒል» የሚል ስም አውጥቶለታል። ሰላም ሲሉት በቅንድቡ ይመልሳል። «ልብሴ መቼ ይደርሳል?» ለሚሉት ደግሞ አልሰማሁም የሚል ሌላ ቅንድብ አለው። አዲስ ልብስ ለብሶ ለሚወጣ ሰው ግን ስፒሎቹን ተፍቶ «በላይህ ይለቅ» ሳይል አይሸኝም ነበር። ልብሱ ይለቅ፣ ባለቤቱ ይቆይ ነው ነገሩ።

ፍርሃቱ የጀመረው በሾፌሩ ኮት ነው። ሾፌሩ ቸኩሎ ኮቱን እየለበሰ ሲወጣ የሰፊው አፍ በስፒል ተሞልቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ መኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። ያን ጊዜ ሰፊው አዘነ እንጂ ሌላ ነገር አላሰበም። የዳቦ ጋጋሪዋ እህት ስትሞት ግን ልቡ ድንግጥ አለ፤ እሷም አዲስ ልብሷን ስትወስድ ሳይመርቃት ነበር የሄደችው። ከዚያ ወዲህ የሰው ሞት በሰማ ቁጥር የስፌት መኪናውን አቁሞ ያስባል። ብዬው ነበር? አላልኩትም? የስንት ዓመት ደንበኛ ምርቃት ማን ያስታውሳል? እሱ ግን ሟቹ ሳይመረቅ ሲወጣ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። በሕይወት ስላሉት አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

ጎረቤቱ ቁልፍ ሠሪው ይህን ሲሰማ ሳቀበት።

«እኔንስ መች መረቅከኝ? ይሄን ሱሪ ስወስድ ስልክ ላይ ነበርክ። ይኸው እንደ ጅብ እየበላሁ አይደል እንዴ?»

«ተው፣ በራስህ ላይ አትጥራ» አለው ሰፊው፣ ፊቱ አመድ መስሎ። ብድግ ብሎ ያንን ጉልበቱ የሳሳ ሱሪ መረቀለት።

አንድያ ልጁን እናቷ ከሞተች በኋላ ብቻውን ነው ያሳደጋት። አግብታ፣ አርግዛ፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ሰፊ ቀሚስ ሰፋላት። ሱቁ ውስጥ አቁሟት፣ ተንበርክኮ ጠርዙን በስፒል ሲይዝ ምጧ መጣ። ባሏ ታክሲ ጠርቶ፣ ደግፎ አስገባትና ሄዱ። ሰፊው ስፒሎቹን እስኪተፋ ታክሲው ከመንገዱ ታጥፏል።

ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ሆስፒታል ሲደርስ ልጁ «ገና ነው፣ ተንቀሳቀሺ» ተብላ ግድግዳውን እየተደገፈች ኮሪደሩ ላይ ትመላለሳለች።

«በላይሽ ይለቅ፣ ልጄ። በላይሽ ይለቅ። በላይሽ ይለቅ።»

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

ሳይደብቅ ነገራት፤ የሾፌሩንም፣ የጋጋሪዋን እህትም፣ አሁን እየገደላት የመጣ የመሰለውን ዝምታውንም። ልጁ ሕመሙ ጋብ እስኪልላት ጠበቀች።

«እማዬንም እኮ መርቀሃት ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ሰማያዊውን ቀሚስ የለበሰች ጊዜ። እዚያው ነበርኩ። አልሰማችኝም ብለህ ደገምክላት።»

አስታወሰ። ባለቤቱ የሞተችው ቀሚሱ ገና ውኃ ሳይነካው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሙታኑን ሲቆጥር እሷን ዘሏት ኖሯል።

አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ቃሉ ካላዳነ፣ መቅረቱም አልገደለም ማለት ነው። ይህ ሊያሳርፈው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን ባሰበት። እስከ ዛሬ ቢያንስ የሚለው ነገር ነበረው። አሁን ልጁን የሚያቆይበት አንዲት ቃል እንኳ የለችውም።

አዋላጇ በሩን ከፍታ ጠራቻት።

«ፈራሁ፣ ልጄ» አላት።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለች። «ና፣ እስከ በሩ ድረስ ያዘኝ።»