የሰበታን በሮች የጠየቅሁ ሰሞን

የሰበታን አሮጌ ሰፈር ታሪክ ማወቅ የፈለገ ሰው ዛሬ የሚጠይቀው እኔን ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ከሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ነው። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት ግን ቤቴ ድረስ መጥተው ይጠይቁኛል።

ልጅ እያለሁ እናቴ ላምባና ጨው በምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ እውል ነበር። ፋታ ሳገኝ ያንን ሰፈር በእግሬ አስሰዋለሁ። ከዝናብ በኋላ ጭቃውና ባሕር ዛፉ አንድ ላይ ይሸታሉ። ጥርብ እንጨት በረንዳ ያለው ቤት ሳይ ቆሜ «ይህን ማን ሠራው?» እላለሁ። ጊዜው ትርፍ ቤት የሚወረስበት ነበርና ጥያቄዬን ማንም በበጎ አላየው። ሴቶች ሲያዩኝ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ መስኮት ይዘጋል። ቀጥሎ ጥርጣሬው እናቴ ላይ ዞረ። ደንበኞቿ ሱቃችንን አልፈው ከታችኛው ሱቅ መግዛት ጀመሩ።

«ምን አድርገህ ነው? በዚህ ከቀጠለ እኮ ሱቁን መዝጋቴ ነው» አለችኝ።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማቸው ሽማግሌ፣ ኦቦ ገመቹ፣ የጓሮ በራቸውን ስዳስስ ያዙኝ።

«አንተ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ማነው የላከህ?»

«ማንም።»

«ማንም የሚባል ካድሬ አላውቅም። ስንት ተከራይ አለኝ?»

«እሱን አልጠየቅሁም። የበርዎ ማጠፊያ ግን የጋሪ ብረት ነው። የቀጠቀጡት አማትዎ እንደሆኑ ከሱቃችን ደንበኞች ሰምቻለሁ፤ የላይኛው ስላጠረ በሩ ሲዘጋ ያነክሳል።»

ሚስታቸው ከውስጥ ሳቁ። «አባቴ ብረቱ አነሰኝ ሲል ማን ሰማው?»

ኦቦ ገመቹ በሩን ገፋ አድርገው አዩት። «ሰላይ ቢሆን ተከራዩን ነበር የሚቆጥረው» አሉና የላምባ ጠርሙሳቸውን አንስተው ከእኔ ጋር ወደ ሱቃችን ወረዱ። ሰው ሁሉ እያየ ከእናቴ ገዙ። ሌላውም ቀስ በቀስ ተመለሰ። እሳቸው ግን ሲለዩኝ «ከእንግዲህ ከደጅ ጥራ፤ በጓሮ እንዳላይህ» ብለውኛል።

ዛሬ ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ በመስታወት ፎቅ ተተክተዋል። እኔም አሁንም እዞራለሁ፤ አሁንም እጠረጠራለሁ። አንዳንዱ ወጣት «ፋዘር፣ ደላላ ነዎት እንዴ?» ይለኛል። ሌላው ምንም ሳይል በስልኩ ፎቶ ያነሳኛል። እንደ ኦቦ ገመቹ ያለ የዱሮ ሰው የጠረጠረህን ፊት ለፊት ይጠይቅህ ነበር፤ መልስህንም ይሰማል።

ይጠርጥሩ። እኔ የሰፈሩን ግንበኞችና አናጢዎች በስም አውቄያለሁ። ሊፈርስ የነበረ በረንዳ ተሟግቼ አስቀርቻለሁ። የልጅ ልጆች አያታቸው ያቆመውን ግድግዳ በእጃቸው እንዲነኩ አድርጌያለሁ። የእናቴንም ሱቅ፣ ጢም ሳላወጣ፣ ከመዘጋት አድኛለሁ።