በሠላሳ አንድ ካርድ የተበተነ ሸሚዝ

ደባርቅ ውስጥ የትናየት አለምነህን «ልቃሚዋ መምህርት» የማይላት ሰው ጥቂት ነው። ስሙም አልከፋትም። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዓይኗ መሬት መሬቱን ያያል፤ የፓስታ ካርቶን፣ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት፣ የተፈታ የጆንያ ክር፣ ከልብስ ሰፊው ከዋሴ ደጅ የተጠረገ ቁርጥራጭ፣ ሁሉም ቦርሳዋ ውስጥ ይገባል። ጎረቤቶቿ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያሉ ይስቁባታል። ይሳቁ። ከዚያ ሁሉ ኮተት የምትሠራውን ያየ ሰው ግን ሳቁን ቶሎ ይውጠዋል።

የምትሠራው ካርድ ነው፤ ከመጫወቻ ካርታ አይበልጥም። ካርቶኑን ትቆርጥና በዱቄት ሙጫ ወረቀት በወረቀት ላይ ትደርባለች። የተደቆሰ የእንቁላል ቅርፊት ትነሰንስበታለች፣ የገብስ ገለባ ትለጥፍበታለች፣ ጨርቅ ትሰፋበታለች፣ በሻይ ቅጠል ዝቃጭ ቀለሙን ታደበዝዘዋለች። ሲደርቅ ባለ ገደሉን አገራችንን ይመስላል፤ እጅ ሲዳብሰው ይሻክራል፣ ይጎረብጣል፣ ድንገት ደግሞ ለስለስ ይላል።

ኮሌጅ ሳለች የሥዕል መምህሯ ካርዱን ከነሕጉ ነበር ያስተማራት። ካርድ አይሸጥም። የሚፈልግ ሰው የራሱን ሠርቶ ይለውጣል፤ የተለወጠ ካርድ ደግሞ ተመልሶ አይጠየቅም። በዚህ ሕግ የዳባት መምህራን፣ ተማሪዎቿ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ሙጫ መለቅለቅ ጀመሩ። በሊማሊሞ የሚመላለሰው ሾፌሩ ገዱ የመጀመሪያ ካርዱን የሠራው ከአሮጌ ጎማ ቁራጭና ከሁለት ቆርኪ ነው። አስቀያሚ ነበር፤ የትናየት ግን እንደ ስለት ዕቃ ተቀበለችው።

የዚህች ሴት ጣጣ የሚጀምረው ከታናሽ ወንድሟ ነው። ድረስ ከሦስት ዓመት በፊት መስከረም ሲጋመስ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። «ለኅዳር ሚካኤል አለሁ» ብሎ ነበር። ሁለት ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ብቻ ሆነ። ቤት የቀረው ልብሱ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ነው፤ ጨርቁ ወፍራም፣ ደረቱ ላይ ኪስ ያለው።

እናታቸው ወይዘሮ ማስተዋል ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። በየማለዳው ሳጥኑን ይከፍቱና የሸሚዙን ኮሌታ ይዳብሳሉ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይነካሉ፣ «እንዴት አደርህ ልጄ» ብለው ይከድኑታል።

እናትየው በሸሚዙ ሲጽናኑ ልጅቷ ግን ትፈራው ነበር። በእኛ አገር ሰው ርቆ ሞቶ አስከሬኑ ካልመጣ ልብሱ ይወጣል። ድንኳን ውስጥ፣ አልጋ ላይ፣ ሰው የተኛበት መስሎ ይዘረጋል፤ አልቃሿ ቁመቱን፣ ትከሻውን፣ ደረቱን እያነሳች ታስለቅስበታለች። የትናየት ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር የምታየው ያንን አልጋ ነው።

ዓመት ጠብቃ መቀስ አነሳች። የተማረ ሰው ሐሳብ አይደለም፤ እሷም ለማንም አልተናገረችውም። ልብሱ ከሌለ የሚዘረጋ የለም፤ የሚዘረጋ ከሌለ ድረስ አይሞትም። ደግሞስ ቁራጩ ካርድ ላይ ተሰፍቶ በመኪና ቁልቁል ቢወርድ፣ ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ድረስ እጅ ይገባል፤ ጨርቁን አይቶ ይስቃል፤ ይደውላል። መጀመሪያ ከታችኛው ጠርዝ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቆረጠች። ቀጥሎ ከጀርባው። ከዚያ እጅጌዎቹ ሄዱ፤ በመጨረሻም ኪሱ። በሁለት ዓመት ሠላሳ አንድ ካርድ ሆነ፤ ሠላሳ አንዱም በሕጉ መሠረት ተለውጦ ሄደ። ኮሌታውንና ቁልፎቹ ያሉበትን መስመር ብቻ አልነካችም፤ የእናቷ ጣት የሚያውቀው እሱን ነው። ውስጡን በአሮጌ አንሶላ ሞልታ አጣጥፋ መለሰችው። ወይዘሮ ማስተዋል በነጋታው ከፍተው ዳበሱና «እንዴት አደርህ ልጄ» አሉት። የትናየት ማጀት ገብታ አለቀሰች፤ መቀሱን ግን አላስቀመጠችም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ዘንድሮ የካቲት ውስጥ፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ቄስ ሰይፈ ሥላሴና የእድሩ ሽማግሎች ደጁ ላይ ቆመው ተገኙ። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ለምን እንደሚመጣ ያልገባው የለም። ከድረስ ጋር ያጨደ ልጅ ሱዳን ተሻግሮ ኖሮ ገና መመለሱ ነው። ወባ ነው አለ። ያኔውኑ፣ ለኅዳር ሚካኤል ሦስት ቀን ሲቀረው፤ እዚያው ቀብረውታል። የትናየት የመጀመሪያውን ቁራጭ ስትቆርጥ ወንድሟ ከሞተ ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው።

ወይዘሮ ማስተዋል ጮኸው ሲደክማቸው ፊታቸውን ወደ ልጃቸው አዞሩ።

«የትኔ፣ በይ ሸሚዙን አውጪልኝ። መቃብሩንስ አላየሁት፤ ልብሱን እንኳ አቅፌ ላልቅሰው።»

«እሺ እማ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ድንኳኑ ሲተከል ጓሮ ዞራ ስልኳን አወጣች። ዳባት ያለችው መምህርት ካርዷን አስታወሰችው፤ «ወይኔ እህቴን! ለወጥኩት እኮ። ለማን እንደሆነም ጠፋኝ። አንቺው አይደለሽ እንዲህ ያስተማርሽን?» አለቻት። ሁለተኛዋ ተዛውራለች፤ ካርዱም ከዕቃ ጋር ጠፍቷል። ሦስተኛው ስልክ አይነሳም። ለሌሎቹ የምትደውልበት ቁጥር እንኳ የላትም፤ በሕጉ የተለወጠ አይጠየቅማ፣ ማን ብሎ ይመዘግባል? ጓሮው ግድግዳ ላይ ተደግፋ ቆመች። አንድ ሸሚዝ ከሠላሳ አንድ ቦታ ለቅሞ መስፋት ዋሴም አይችል፣ ቄሱም አይችሉ። 

ያለውን ይዛ ወጣች። ወይዘሮ ማስተዋል በሁለት እጃቸው ተቀብለው ደረታቸው ላይ ለጠፉት፤ ኮሌታውን ሳሙት። ከዚያ ሊዘረጉት እጥፋቱን ፈቱ። ጣታቸው ቁልፎቹን እየቆጠረ ወረደ፣ ወደ ጎን ሄደ፣ አንሶላውን አገኘና ቆመ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ወደ ሌላው ጎን ዳበሱ፤ እዚያም አንሶላ ነው።

«ልጄን ማን ቆራረጠብኝ?»

«እኔ ነኝ እማ» አለች የትናየት። «እንዳይሞት ብዬ ነው።»

እናትየው አልረገሟትም። ቢረግሟት በወደደች። ኮሌታውን በዳሰሳ ትራሱ ላይ አስቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አልቃሿ ቁመቱን አለች፣ አንገቱን አለች፤ ወደ ደረቱ ስትደርስ ከአንሶላ በቀር የምታነሳው አጣችና ድምጿ ተቋረጠ። ሴቶቹ በመሐል ገብተው በጩኸት ሸፈኑላት።

ለሰልስቱ ገዱ ከሊማሊሞ ወጥቶ መጣ። መርዶውንም የሸሚዙንም ነገር ሻይ ቤት ሰምቶ ነው። ጎንበስ ብሎ ለቅሶ ደረሰና ከደረት ኪሱ አንድ ካርድ አወጣ፤ ካገኘው ጀምሮ ከመሪው ፊት ለፊት ሰክቶት የሚነዳው ነው፤ ጠርዙ በእጅ ቅባት ጠቁሯል።

«ሕጉን አውቃለሁ መምህርት። ዛሬ ግን ያለ ለውጥ ውሰጂው» አላት።

የትናየት ወደ እናቷ ጠቆመችው፤ እሱ ራሱ ሰጣቸው። ወይዘሮ ማስተዋል በጣታቸው ዳበሱት። ቅርፊቱን አለፉ፣ ገለባውን አለፉ፣ ጨርቁ ላይ ሲደርሱ ዘገዩ። ድርብ ስፌቱን ተከትለው እስከ ማዕዘኑ ሄዱ።

«ኪሱ ነው» አሉ። «የልጄ ኪስ።»

ተነሥተው አልጋውን በዳሰሳ አገኙት። ከኮሌታው ዝቅ አድርገው፣ በግራ በኩል፣ ልብ ካለበት ቦታ ካርዱን አስቀመጡት፤ እንዳይጣመምም በመዳፋቸው አስተካከሉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ባዶ እጃቸውን ዘረጉ።

«ሌላውስ?»

ገዱ አንገቱን ደፋ። የትናየት የሠላሳዎቹን ተቀባዮች በስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ከአምስቱ በቀር አንዱም አልመጣላትም። የእናቷ እጅ እንደተዘረጋ ነበር።